ውሃ ነው ያልኩት እጢ

ወንድሜ እጁ ከአፉ ይቀድማል። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ወንድም ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። አባታችን አዋሽ ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወርድ ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲሞት ቤቱን የተረከበው ወንድም ጋሼ ነው፣ ከነቀበቶው። ደብተር ጥዬ ስመጣ ቀበቶ። ከሰፈር ልጆች ጋር ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄጄ ቁልቁል ወንዙን ሳይ ከዋልኩ ቀበቶ። ከክፍሌ ሁለተኛ የወጣሁ ጊዜ "አንደኛ የወጣችው ሁለት ጭንቅላት አላት?" ብሎ በጥፊ አጮለኝ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከድሬዳዋ ቀይ ጫማ ገዝቶልኝ መጣ። ጫማውን ተንበርክኮ ሲያስርልኝ የጣቶቹ ምልክት ከጉንጬ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። ልጅ ሆኜ የምወደውና የምፈራው ሰው አንድ መሆኑ አይገርመኝም ነበር። መገረም የጀመርኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

በኋላ ከባድ መኪና ያዘ። ጅቡቲ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ይወጣል፤ እኔን ያስተማረኝ ያ መሪ ነው። ራጅ፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ማንሳት ተምሬ ሰመራ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። "እህቴ ሰው ሳትቀድ ሆዱን ታያለች" እያለ በየሻይ ቤቱ ያወራልኝ ነበር። ካወራበት ሻይ ቤት ግን ሳይጣላ ወጥቶ አያውቅም።

ስለ እናታችን ሳልናገር የቀረው አይገባም። ሆዷ እያበጠ እሷ እየከሳች ስትሄድ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ነጠላዋን ይዤላት ቆሜያለሁ። አንድ ቀጭን ነርስ ወረቀቱን አየና ቀና ብሎ፣ "ካንሰር ነው፤ አሁን ምንም አይደረግላትም" አለ። አባባሉ ደግ አልነበረም፣ ግን እውነት ነበር። አፉን ሳይገጥም የወንድም ጋሼ ጡጫ አፉ ላይ አረፈ። ሰውየው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል ሰምቻለሁ። ወንድም ጋሼ ወድቆም አልተወውም። እናቴ አልጋው ላይ ሆና "ልጄን ያዙልኝ፣ ልጄን ያዙልኝ" ትላለች፤ የያዘው ሰው አልነበረም። እሱ ታስሮ በሦስተኛው ቀን ተፈታ፣ እናቴ በወሩ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። "ያ በሽታ" እንላለን፣ እሱንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እኔ በዚያ ቀን ስለ በሽታው የተማርኩት ነገር የለም። የተማርኩት እውነቱን የሚናገር ሰው ጥርሱ እንደሚረግፍ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተነሣው ሎጊያ ላይ ነው። አብሮት ይጓዝ የነበረ ሌላ ሾፌር ነው የነገረኝ። ወንድም ጋሼ ከጅቡቲ ሲመለስ ሰርዶን እንዳለፈ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ፤ እንደ ምንም እያዘገመ ሎጊያ ደረሰ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ቤት ሦስት መኪና ቆሟል። ቀትር ነው፣ ነፋሱ ራሱ የሚለበልብ ነው፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ በቀዝቃዛ አገርም ተራ መጠበቅ አያውቅበትም። "የእኔን አስቀድም" አለው ጎሚስታውን። ጎሚስታው ከባቲ የመጣ ወጣት ሰው ነው። "ወላሂ ወንድሜ፣ ተራ ነው። እዚያ ጥላው ሥር አረፍ በል፣ የበረደ ውሃ ላስመጣልህ" አለው። ወንድም ጋሼ የጎማ መፍቻውን ከእጁ ነጥቆ ትከሻውን አለው። ሰውየው ጎማው ላይ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ብረት ባለው ሴፍቲ ጫማው የወንድም ጋሼን ሆድ ረገጠው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የረገጠው። ስንቱን ሲያንበረክክ የኖረው ወንድሜ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ አስታወከ።

በባጃጅ እኔ ጋ አመጡት። ላብና ናፍጣ ይሸታል። "ያን ልጅ ሳልገድለው ነው የመጣሁት" አለኝ፣ በሰላምታ ፈንታ። አስተኛሁትና አልትራሳውንዱን ያዝኩ። ሆዱን የተመታ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈልገው ደም ነው። ጉበቱ ደህና፣ ጣፊያው ደህና፣ ኩላሊቱ ደህና፤ የፈሰሰ ደም የለም። እፎይ ብዬ እጄን ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች አወረድኩ።

ትርፍ አንጀት ከትንሿ ጣት የሚቀጥን ነገር ነው፤ ደህና ሰው ሆድ ውስጥ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነው። የወንድሜ ግን ሳልፈልገው መጣ። ቋሊማ የሚያህል ከረጢት ነው፤ ውስጡ ጥቁር፣ ጥቁሩ መሐል ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ተደራርበው፣ ልክ ለሁለት እንደተከፈለ ሽንኩርት። ይህን መልክ ተማሪ ሳለን አሳይተውናል። ትርፍ አንጀት አፉ ሲዘጋ ወይም እጢ ሲያበቅል ውስጡ ዝልግልግ ነገር ይጠራቀማል፤ ያ ዝልግልግ ነው እንደ ሽንኩርት የሚነባበረው። ያየሁት ርግጫው ያመጣውን አይደለም። ከርግጫው በፊት እዚያ ተቀምጦ የነበረውን ነው።

ሲቲ ስካን አነሣሁት። ፎቶ የሚያነበው ሐኪማችን ስክሪኑ ፊት ተቀመጠና በእስኪሪብቶው ጫፍ ያሳየኝ ጀመር።

"ግድግዳውን ተመልከቺ። ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ኖራ የጠጠረ ነገርም ይዟል። እስከዚህ ድረስ ደጉን እጢ ይመስላል።" እስኪሪብቶው ወደ ጫፉ ሄዶ ቆመ። "እዚህ ጋ ግን ወፍሯል፤ ጠርዙም ጎርበጥበጥ ብሏል። ይሄ ደግሞ ክፉውን ይመስላል።"

"የቱ ነው ታዲያ?"

"በፎቶ ብቻ የቱ ነው ብዬ አልፈርምልሽም። የሚታወቀው ወጥቶ ሲመረመር ነው። የምፈርመው ሌላ ነገር ነው። ዙሪያው ንጹህ ነው፤ ያ ሁሉ ርግጫ አላፈነዳውም፣ ጠብታ አልወጣም። አሁኑኑ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከረጢቱ ሳይቀደድ፣ እንዳለ ይውጣለት። ከፈነዳ ውስጡ ያለው በሆዱ ይዘራል። የተዘራ ደግሞ ይበቅላል።"

ሐኪሙ ቆንጆ ጥርስ አለው። "ወንድሜ ስለሆነ እኔው ልንገረው" አልኩት።

ወንድም ጋሼ ሸሚዙን ሳይቆልፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። "እህስ፣ ምን አገኘሽ?" አለኝ።

"ትርፍ አንጀትህ ላይ ነው፣ ወንድም ጋሼ።"

"ትርፍ?" ሳቀና ሆዱን ያዘ። "ዕድሜዬን ሙሉ ትርፍ ጭኜ ትራፊክ አልያዘኝም፣ ሆዴ ያሲዘኝ? ይውረዳ!"

እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን ሳቁን አቋረጠ። "ያ በሽታ ነው?" አለ።

ቀኝ እጁ የአልጋውን ብረት ጨበጠ። አንጓዎቹ ነጡ። ፊቱን አላየሁም፤ ያየሁት እጁን ነው። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፣ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፣ ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፏል፤ የመለሰችለት ግን ያቺ ባለ ቀይ ጫማ ልጅ ናት።

"አይ" አልኩ። "ውሃ የቋጠረ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሂድና ያወጡልሃል።"

"ውሃ?"

"ውሃ።"

እጁ ከብረቱ ተላቀቀ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። "ውሃ የቋጠረ" የሚለውን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ሰው እንዳይደነግጥ ብለን ብዙዎቻችን እንለዋለን፣ አንዳንዴም እውነት ይሆናል። እኔ የረሳሁት፣ አዋሽ ያደገ ሰው ውሃ ቋጠረ ሲባል ምን እንደሚያደርግ ነው። ጉልበት ውሃ ከቋጠረ፣ ቁርጭምጭሚት ውሃ ከቋጠረ፣ ወጌሻ ዘንድ ይኬዳል። ይታሻል፣ ውሃው ይበተናል፣ ሰውየው እያነከሰ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። እኔ ራሴ ከግንብ ወድቄ ታሽቻለሁ። እኛ ሰፈር ውሃ ለማስወጣት ብሎ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ሰው ቢኖር መሳቂያ ነው የሚሆነው። ይህ ሁሉ በአፍንጫዬ ሥር ነበር፣ አላሰብኩትም። ወረቀቱንና ፎቶውን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት፤ "እንዳትጣላ፣ ከባድ እንዳታነሣ" አልኩት። "እሺ፣ ዶክተር" ብሎ አናቴን ደባበሰኝና ሄደ። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስላልመታኝ ነው ደስ ያለኝ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከአዋሽ ደወለችልኝ።

"ያንቺ ወንድም አዲስ አበባ አልሄደም" አለችኝ። "አዋሽ አርባ ወጌሻው ጋ ነው የሚመላለሰው። ውሃ ነው ብለሽው የለ? ዛሬ ታሽቶ መጣ፣ ይኸው ያቃስታል። ነገ ቀትር ላይ ይጨርስልኛል ይላል።"

"እንዳትለቂው! በሩን ቆልፊበት!"

"እኔን ነው በር ቆልፊ የምትዪኝ?" አለች፣ ቀስ ብላ። "ባለፈው በር ስቆልፍ ያደረገኝን ረሳሽው?"

አልረሳሁትም። የክንዷን ራጅ ያነሣሁት እኔው ነኝ። አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ እሱ ውጭ ቆሞ ሲያለቅስ እሷ ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

ለእሱ ደወልኩ። "ወንድም ጋሼ፣ እንዳትታሽ! ሁለተኛ እንዳትሄድ!"

"ለምን? ውሃ አይደለም እንዴ?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በመሐላችን ስንት መቶ ኪሎ ሜትር አለ፤ እጁ አይደርስብኝም። ምላሴ ግን ይህን አላመነም። "ውሃማ ነው… ግን አይታሽም" አልኩ።

"አንቺ በቴሌቪዥን ነው ያየሽው፣ ሰውየው በእጁ ነው የዳሰሰው" ብሎ ዘጋው። ደጋግሜ ብደውል አላነሣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእኔ ወንድም በሽታውን አልደበቀም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩበት።

ሲነጋጋ ሎጊያ ወርጄ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። ሚሌን አልፈን ገዋኔ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋ። አንድ አይሱዙ ግመል ገጭቶ ተገልብጧል። የግመሏ ሆድ ተተርትሮ የውስጧ ነገር አስፋልቱ ላይ ተዘርግፏል፤ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ እያደረቀው ነው። የግመሏ ባለቤትና ሾፌሩ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል፤ የሾፌሩ ግንባር ተፈንክቷል፤ ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ይጮኻሉ። የእኛ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ጫቱን አወጣ። "ሽምግልና ነው፣ አይቸኩልም" አለኝ። ወርጄ በዚያ ደም ላይ ረግጬ "አሳልፉኝ፣ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው" ብዬ ለመንኩ። አንድ ሽማግሌ በአፋርኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ መንገዱ ተከፈተ። አንድ ሰዓት ሄዷል። ያችን አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ እቆጥራታለሁ።

አዋሽ አርባ የደረስኩት ቀትር ሲሆን ነው። ወጌሻው በወጣትነታቸው ጥጥ ሊለቅሙ ከደጋ የወረዱ ሰው ናቸው፤ እርሻው ላይ የሠራተኛውን ስብራት እያሰሩ ነው ሙያውን የለመዱት። ቤታቸውን ሰው አያጣውም። በሩ ሳልደርስ ጩኸቱን ሰማሁ። ወንድም ጋሼ ሲጮህ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ ሌላውን ሲያስጮህ ነው የማውቀው። በሬ ሲታረድ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ።

ስገባ ሳጠራው ላይ በጀርባው ተኝቷል፣ ሆዱ በዘይት ያብረቀርቃል፣ ላቡ ወርዶ ከዘይቱ ተቀላቅሏል። ሽማግሌው ሁለት አውራ ጣታቸው ገና ቀኝ ሆዱ ውስጥ እንደተቀበረ ነው። ወንድም ጋሼ አየኝና ተቀመጠ፤ ፊቱ እንደ ሰርግ ቀን በርቷል።

"ፈሰሰ! እህቴ፣ ፈሰሰልኝ! ጧ ሲል ተሰማኝ፣ ከዚያ ቀለለኝ!"

ያን ጊዜ እጄ ከአፌ ቀደመ። የዘይቱን ጠርሙስ አንሥቼ የሽማግሌውን ግንባር አልኩት። ጠርሙሱ አልተሰበረም፤ ግንባራቸው ተሰነጠቀ። "በስመ አብ! ምን አጠፋሁ ልጄ?" አሉ፣ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ። ምንም አላጠፉም። ውሃ ነው ተባሉ፣ ውሃ አሹ። ደግሜ ላነሣ ስል የወንድም ጋሼ ጥፊ አፌ ላይ አረፈና መሬት ላይ ተዘረርኩ። አቧራውን ተደግፌ በምላሴ ጥርሴን ቆጠርኩ። አንዱ ይነቃነቃል።

"አብደሻል? ያዳነኝን ሰው?" ይለኛል ከላዬ ቆሞ። ከዚያ፣ እንደ ልማዱ፣ ወዲያው አዘነ። አነሣኝ፣ በሸሚዙ ጫፍ አፌን ጠረገልኝ። እጄን ይዞ ሆዱ ላይ አደረገው። "ዳብሺው እስቲ። ጠጥሮ የነበረው የት አለ? የለም!"

ዳበስኩት። የለም።

አዋሽ ከተማ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አለ፤ ከባለሙያዋ ጋር እንተዋወቃለን። መሣሪያውን ለቀቀችልኝና በሩን ዘግታልን ወጣች። ወንድም ጋሼ የመጣው ሊያሳምነኝ ነው፣ በባጃጁ ውስጥ ሁሉ "አሁን ታይዋለሽ" እያለኝ ነበር። ክሊኒኩ ደጅ ሲደርስ ግን ጎንበስ ማለት ጀምሯል። ጄሉን ቀባሁት። ሽንኩርቱ የለም። ከረጢቱ ዕቃው እንደወጣለት ፌስታል ተጨማድዶ ተኝቷል፣ በአንድ ጎኑ ተቀድዷል፤ ዙሪያውን ግራጫ ነገር ተኝቷል፣ ውስጡ ብናኝ የመሰለ ያለበት።

"በግራ ጎንህ ዙር" አልኩት።

ዞረ። ውሃ ቢሆን ወደ ዝቅታው ይወርዳል፤ ውሃ ባለበት አይቆይም። ጠበቅኩ። ግራጫው ነገር ንቅንቅ አላለም። ጠበቅኩ። እዚያው ነው።

"ፊትሽ ምን ሆነ?" አለኝ።

"ፈንድቷል።"

"ፈሰሰ አልኩሽ እኮ።"

"መፍሰስ አልነበረበትም፣ ወንድም ጋሼ። ሳይፈነዳ ነበር መውጣት የነበረበት። ሆድህ ውስጥ ተዘርቷል።"

ጣሪያውን አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው፤ ሲገባው በፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ሌላ ነገር አገኘ፤ ዓይኑ በራ፣ ጥርሱን ነከሰ። "ያ ጎሚስታ ነው" አለ። ስልኩን አውጥቶ ሎጊያ ላለ ጓደኛው ደወለ። "ያ የባቲው ልጅ ሱቁ ነው ያለው? እንዳይጠፋ ያዙልኝ። በዚያ በመፍቻው እጁንም እግሩንም ስበሩልኝ፣ ጭንቅላቱን ለእኔ አቆዩት። ሆዴን አፍንድቶታል፣ ገድሎኛል!" ጓደኛው "እሺ፣ አሁኑኑ" ሲል እኔም ሰማሁት። ሎጊያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ አይባልም። ጎሚስታው እናቱን የሚረዳ ይሁን፣ ልጆች ይኑሩት አላውቅም፤ የማውቀው የበረደ ውሃ ላስመጣልህ ማለቱን ነው።

ስልኩን ከእጁ መነጨቅኩት። "አንድ ሰው እንዳትነኩ! ሐሰት ነው!" ብዬ ጮኼ ዘጋሁት።

ወንድም ጋሼ በክርኑ ተነሣ። "ምን አልሽ?"

"ጎሚስታው አይደለም። ከረገጠህ በኋላ ነው ሰመራ ያነሣሁህ። ያኔ ዙሪያው ንጹህ ነበር፣ ጠብታ አልወጣም። ሐኪሙ ፈርሞበታል፣ ፖስታው ውስጥ አለልህ።"

"እንግዲያው ያ ሽማግሌ ነው።" እግሩን ከአልጋው አወረደ።

"እሳቸውም አይደሉም። ውሃ ነው ስለተባሉ ውሃ አሹ። ውሃ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ። ውሃ አልነበረም፤ ያኔም አውቅ ነበር።"

እጁ ተነሣ። ያቺን እጅ ሙሉ ለሙሉ አውቃታለሁ፤ ከየት እንደምትነሣ፣ የት እንደምታርፍ። ፊቴን አልሸፈንኩም። ጥርሴ ላይ ደም አለ፣ ከቅድሙ ጥፊው የቀረ። እጁ አየር ላይ ቆሞ ቀረ።

"ለምን?" አለኝ።

"እውነቱን ብነግርህ ምን ታደርገኝ ነበር?"

ወንድሜ ብዙ ጥፋት አለበት፣ ውሸታም ግን አይደለም። አሰበ። የእናታችንን ቀን ያስብ፣ ሌላ ያስብ አላውቅም።

"እመታሽ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

እጁ ወረደች። ተመልሶ ተኛና ወደ ስክሪኑ ዞረ። "እስቲ አሳዪኝ። ይሄ ግራጫው ምንድነው?"

"ስትዞር አልተንቀሳቀሰም። ውሃ ቢሆን ይሄድ ነበር። ከዚያ ከረጢት የወጣ ዝልግልግ ነው። ደግ እንደሆነ ክፉ እንደሆነ ገና ይመረመራል።" ትንፋሼን ሰበሰብኩ። "ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ወንድም ጋሼ።"

ቃሉን ስናገር ዓይኔ እጁ ላይ ነበር። ግድግዳውን አልመታም፣ መሣሪያውን አልመታም። ሆዱን በመዳፉ ሸፈነው።

አዲስ አበባ ከጡቱ በታች እስከ እምብርቱ ታች ቀደው ሆዱን ከፈቱት። የሚወጣውን አወጡ፤ ዝልግልጉን በእጅ እየዛቁ አጠቡት፤ ከወራት በኋላ ደግመው ከፈቱት። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ክፉው ነው፤ ግን ከክፉዎቹ ዝግተኛው። ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ አንድ ነገር ነገረኝ፣ እኔን ለመውቀስ አልነበረም፣ የእኔን ጉዳይ አያውቅም። ሳይፈነዳ ቢመጣ ኖሮ፣ አለኝ፣ ምናልባት በአንድ ቀዶ ጥገና ያልቅ ነበር።

ለወንድም ጋሼ ይህንንም ነገርኩት። ጎሚስታውን የነካው ሰው የለም። አዋሽ አርባም ሄጄ ሽማግሌውን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ጠባሳቸውን እያሻሹ ሻይ አፈሉልኝ። ሚስቱን መምታት ተወ ወይ አትበሉኝ፤ አልጠየቅኳትም። ራጅ ለመነሣት ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

አሁን መኪናውን ሸጧል። በየስድስት ወሩ በሰው መኪና ተጭኖ ሰመራ ይመጣል፣ እኔ አነሣዋለሁ። ሐኪሙ አንብቦ ሲጨርስ መንገሩ የእኔ ሥራ ነው፤ ከሌላ ሰው አይሰማም። ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር ያደርጋል፣ አድርግ ያለው ሰው የለም። ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ያስገባና በላያቸው ይቀመጣል፤ በደንብ መቀመጡን ወዲህ ወዲያ ብሎ ያረጋግጣል። ከዚያ ነው "በይ፣ ንገሪኝ" የሚለኝ።

ባለፈው ወር ዝልግልጉ ተመልሶ የጉበቱን ጠርዝ እዚህም እዚያም ቦርቡሮት አየሁ። ነገርኩት። እጆቹን አላወጣም።